ስለ ባርነት ካሣና በገዛ ጉልበት ስለ መቆም

በሰው ላይ ግፍ የሠራ ሁሉ ከዕዳው ለማምለጥ የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግፉ ከቶ አልተሠራም ብሎ መካድ ነው፤ ይህ ግን ምስክር ስለሚበዛበት ሩቅ አያስኬድም። ሁለተኛው ምክር መስሎ ስለሚቀርብ ደጋግ ሰዎችን ሳይቀር ያታልላል፤ ይኸውም «ግፉስ ተሠርቷል፤ ዳሩ ግን ዘመኑ አልፏልና የተበደለው ሰው ያለፈውን እየቈጠረ ከመቀመጥ ሠርቶ ቢበላ ይሻለዋል» የሚለው ቃል ነው። ሥራ መልካም መሆኑን፥ ልመናም ሰውን እንደሚያዋርድ ማንም አይክድምና ይህን የሚሰማ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ቶሎ ይቀበላል።

ነገር ግን ካሣ መጠየቅና ሠርቶ መብላት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነገሮች ናቸውን? ስለዚህ ነገር ከአሜሪቃ ጥቁሮች ታሪክ ይልቅ አብልጦ የሚመሰክር አይገኝም፤ ሁለቱንም በአንድነት ሞክረዋልና። እነሆ፥ ታሪኩን በየተራው እንመልከት፤ ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

በ1783 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ቤሊንዳ የምትባል አንዲት አሮጊት ለአገሩ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። ይህች ሴት በሕፃንነቷ ከምዕራብ አፍሪቃ ተሰርቃ ባሕር ከተሻገረች በኋላ አይዛክ ሮያል በሚባል ባለጸጋ ቤት ሃምሳ ዓመት ያህል ያለ ደመወዝ አገልግላለች። ጌታዋ የአሜሪቃ የነፃነት ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ስለ ሸሸ ሀብቱ በመንግሥት እጅ ገብቶ ነበር። የአቤቱታዋም አሳብ ግልጥ ነው፤ ያ ሀብት በከፊል በእርሷ ጉልበት የተከማቸ ስለ ሆነ ለእርሷ እርጅናና ለበሽተኛ ልጇ መጦሪያ ከዚያው እንዲቈረጥላት ጠየቀች። ምክር ቤቱም በየዓመቱ 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ እንዲሰጣት ፈረደላት። ሆኖም ክፍያው እየተቋረጠባት ደጋግማ መጮኽ ግድ ሆነባት። ያው ባለጸጋ በኑዛዜ የተወው ሀብት ደግሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕግ መምህር ወንበር እንዲቆም አደረገ፤ የቤተ ሰቡም ዓርማ እስከ 2016 ድረስ የሕግ ትምህርት ቤቱ ምልክት ሆኖ ኖረ። የጌታው ስም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲከበር የአገልጋዪቱ ደመወዝ ግን ገና እርሷ በሕይወት ሳለች ተረሳ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ካሣ የማይቻል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስለ ባርነት ካሣ ተከፍሏል፤ ነገር ግን የተከፈለው ለጌቶች ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1833 ባወጣው ሕግ በግዛቱ የነበሩትን ወደ 800,000 የሚደርሱ ባሮች ነፃ ሲያወጣ ለባለቤቶቻቸው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። ይህም ገንዘብ ከመንግሥቱ የዓመት ወጪ ከመቶ አርባ ያህል ነበር። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን ምንም አላገኙም፤ ይልቁንም አብዛኞቹ ሥራ ለማጅ ተብለው እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለዚሁ ክፍያ የተወሰደው ብድር ተጠቃሎ ያለቀው በ2015 ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ የእነዚያ ባሮች የልጅ ልጆች ለአያቶቻቸው ጌቶች የተሰጠውን ካሣ በግብራቸው ሲከፍሉ ኖረዋል ማለት ነው።

የሃይቲ ነገር ከዚህ ይብሳል። የዚያች ደሴት ባሮች ነፃነታቸውን በጦርነት ካገኙ በኋላ በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከቦች ልኮ ለቀድሞ ባለ እርሻዎች 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍሉ አስገደዳቸው፤ በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ዕዳውንና ከእርሱ የተወለደውን ብድር ከፍለው የጨረሱት በ1947 ነው። በአሜሪቃም ቢሆን መንግሥት በ1862 በዋና ከተማው በዋሽንግተን የነበሩትን ባሮች ነፃ ሲያወጣ ለጌቶቹ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ከፈለ። ለባሮቹ የታሰበላቸው ግን አገሩን ለቀው ወደ ሃይቲ ወይም ወደ ላይቤሪያ ለመሄድ ቢፈቅዱ እስከ 100 ዶላር ስንቅ ነበር። እንግዲህ ካሣ መክፈል የሚቻል መሆኑን፥ ልኩም ተቈጥሮ የሚታወቅ መሆኑን መንግሥታቱ ራሳቸው መስክረዋል።

በኦሪት ዘዳግም ስድስት ዓመት ያገለገለ ባርያ በሰባተኛው ዓመት ነፃ ሲወጣ ባዶ እጁን እንዳይሰናበት፥ ከጌታው በግና እህል ወይንም ተካፍሎ እንዲሄድ ታዟል። ይህን መጽሐፍ ከአሜሪቃ ጌቶች ብዙዎቹ ያውቁት ነበር፤ ባሮቻቸውም ያውቁት ነበር። ስለዚህ የአሜሪቃ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያልቅ ሲል በጥር 1865 የጦር ሚኒስትሩ ስታንተንና ጄኔራል ሸርማን በሳቫና ከተማ ሃያ የጥቁሮች የቤተ ክርስቲያን መሪዎችን ጠርተው ለሕዝባችሁ ምን ትሻላችሁ ብለው በጠየቁ ጊዜ መልሱ የተዘጋጀ ነበር። ስለ ሁሉም የተናገረው ጋሪሰን ፍሬዘር የተባለ የ67 ዓመት ሽማግሌ፥ የባፕቲስቶች ሰባኪ ነበር። እርሱ ራሱ ዕድሜውን በባርነት አሳልፎ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱንና ሚስቱን በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር ገዝቶ ነፃ የወጣ ሰው ነው። የጠየቀውም ምጽዋት አልነበረም፤ ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱ አርሶ ራሱን እንዲችል መሬት ይሰጠው አለ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። የፍሬዘር መልስ ካሣና የራስ ጥረት በአንድ ቃል የተነገሩበት መልስ ነው፤ መሬቱ የተገፋው ሕዝብ ድርሻ ነው፥ እርሻው ደግሞ የእጁ ሥራ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ጄኔራል ሸርማን በጥር 16 ቀን በጻፈው ትእዛዝ በባሕሩ ዳር ያለውን የጌቶች መሬት ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲከፋፈል አዘዘ። አርባ ኤከር በእኛ ልክ ከግማሽ ጋሻ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ትናንት እርሱ ራሱ ይሸጥ ለነበረ ሰው እንዴት ያለ ርስት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በጥቂት ወራት ውስጥ 40,000 ያህል ሰዎች በ400,000 ኤከር ላይ ሰፍረው ጐጆ ቀለሱ፥ ዘሩም፥ ትምህርት ቤትም አቆሙ። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ሊንከን በሚያዝያ ተገደለ፤ በእርሱ ፈንታ የተተካው አንድሩ ጆንሰን ሸፍተው የነበሩትን ጌቶች በምሕረት ተቀብሎ መሬታቸው እንዲመለስላቸው ፈቀደ። በጥቅምት ወር ጄኔራል ሃዋርድ ወደ ኤዲስቶ ደሴት ሄዶ ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ መሬቱን እንዲለቁ ነገራቸው። እነርሱም የሽማግሌዎች ጉባኤ መርጠው በጽሑፍ ተከራከሩ፤ የክርክራቸውም ፍሬ ነገር መንግሥትን የወጋው ሰው መሬቱ ሲመለስለት ለመንግሥት የታመነው ሰው ባዶውን መቅረት የለበትም የሚል ነበር። ሰሚ ግን አላገኙም። ከእነዚህም አብዛኞቹ በቀድሞ ጌቶቻቸው መሬት ላይ የቀን ሠራተኛና የእኩል አራሽ ሆኑ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ጆርደን አንደርሰን የተባለ ነፃ የወጣ ሰው በኦሃዮ ሳለ የቀድሞ ጌታው ከቴኔሲ ተመልሰህ ሥራልኝ ብሎ ጻፈለት። እርሱም በመልሱ ቂም ሳይናገር ሒሳብ አቀረበ። እርሱ 32 ዓመት በወር 25 ዶላር፥ ሚስቱም 20 ዓመት በሳምንት 2 ዶላር ቢታሰብላቸው ውዝፍ ደመወዛቸው በጠቅላላው 11,680 ዶላር እንደሚሆን ቈጠረ፤ ከዚህም ላይ ለልብስ፥ ለሐኪምና ለሚስቱ ጥርስ ማስነቀያ የወጣው ይቀነስ ብሎ ፈቀደ። ደብዳቤው በጋዜጣ ታትሞ ብዙ ሰው አነበበው። ገንዘቡ ግን አልተላከለትም። ካሣ ጠያቂ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ይመልከት፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራ ያለበት ወረቀት ነውና።

አሁን ደግሞ በገዛ ጉልበት ስለ መቆም እንናገር። ጥቁሮች ራሳቸውን መርዳት የጀመሩት ማንም ሳይመክራቸው ነው። በ1787 በፊላዴልፊያ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የሚባሉ ሁለት ነፃ የወጡ ሰዎች ነፃ የአፍሪቃውያን ማኅበር የተባለውን አቆሙ። አባሎቹ በየወሩ አንድ ሽልንግ እያዋጡ የታመመውን ይረዱ፥ የሞተውን ይቀብሩ፥ ባሏ የሞተባትንና ወላጅ የሌለውን ይጦሩ ነበር፤ ይህም እኛ ዕድር ብለን የምንጠራው ማለት ነው። በ1808 በኒው ዮርክ በጸሎት ስፍራ ተለይታችሁ ተቀመጡ መባልን እምቢ ያሉ ጥቁሮች ያቆሟት ቤተ ክርስቲያንም ከአገራችን የጥንት ስም ወስዳ የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተብላ እስከ ዛሬ አለች። ከነፃነት አዋጅም በኋላ በደቡብ አገር ቤተ ክርስቲያን፥ ትምህርት ቤትና የመረዳጃ ማኅበር ያልተተከለበት ስፍራ ጥቂት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውን በሥራ አሳይተዋል።

ዳሩ ግን የቈጠቡትም ቢሆን ጠባቂ አልነበረውም። በመጋቢት 1865 የአሜሪቃ ምክር ቤት በሕግ ያቋቋመው የነፃ ወጪዎች የቍጠባ ባንክ በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ። ልብስ አጣቢው፥ ወታደሩ፥ አናጢው ሳንቲሙን እየያዘ መጣ፤ ብዙዎቹም መንግሥት ዋስ የሆነለት ባንክ መስሏቸው ነበር። የባንኩን ገንዘብ በእጃቸው የያዙት ሹማምንት ግን ለወዳጆቻቸው ንግድና ለቤትና ለመሬት ሥራ ያለ በቂ መያዣ አበደሩት። በ1874 ባንኩ ሲዘጋ ከ61,000 የሚበልጡ አስቀማጮች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገንዘባቸው ተያዘ፤ ብዙዎቹም ጥቂት ብቻ አገኙ፥ ብዙዎችም ምንም ሳያገኙ ሞቱ። ቈጥቡ ተብለው ቈጠቡ፤ ቍጠባቸውን የበሉት ግን ቈጥቡ ባዮቹ ነበሩ።

ካሣና የራስ ጥረት አንድ ቤት ውስጥ ሊያድሩ እንደሚችሉ ከሁሉ አብልጣ ያሳየች ግን ካሊ ሃውስ የተባለች የናሽቪል ሴት ናት። በባርነት ተወልዳ፥ በልጅነቷ ነፃ ወጥታ፥ ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች በልብስ ማጠብና በስፌት ታሳድግ ነበር። በ1897 ከሰባኪው ከአይዛያ ዲከርሰን ጋር ሆና የቀድሞ ባሮች የመረዳጃና የጡረታ ማኅበር የተባለውን በሕግ አስመዘገበች። ማኅበሩ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ሥራ በየመንደሩ የታመሙትን መርዳትና የሞቱትን በክብር መቅበር ነው፤ ለዚህም አባሉ ሲገባ 25 ሳንቲም፥ በየወሩም 10 ሳንቲም ያዋጣ ነበር። ሁለተኛው ሥራ መንግሥት ለቀድሞ ባሮች ጡረታ እንዲሰጥ ምክር ቤቱን መጠየቅ ነው። ይኸውም ለጦር ጉዳተኞች ይከፈል በነበረው ጡረታ አምሳል ሆኖ፥ ዕድሜው 70 የሞላው በአንድ ጊዜ 500 ዶላር፥ ከዚያም በየወሩ 15 ዶላር እንዲያገኝ፥ ከዚያ በታች ያለውም እንደ ዕድሜው እየተቀነሰ እንዲሰጠው ነበር። አባሎቹ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ መሥራት ያቃታቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።

የመንግሥት ሹማምንት ይህን ማኅበር ፈሩት። በ1899 የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ማኅበሩን አታላይ ነው ብሎ ደብዳቤውንና በሐዋላ የሚላክለትን ገንዘብ ከለከለ። የክሱም ምክንያት የሚያስገርም ነው፤ መንግሥት እንዲህ ያለውን ጡረታ ከቶ አይሰጥም፥ ስለዚህ ይሰጥ ይሆናል እያሉ መዋጮ መሰብሰብ ማታለል ነው ተባለ። ማለትም ባለዕዳው አልከፍልም ብሎ ከወሰነ በኋላ ዕዳውን የሚጠይቀውን ሰው አጭበርባሪ አለው። ሃውስ ግን ዝም አላለችም፤ ተስፋ ማድረግ፥ ተሰብስቦም ለመንግሥት አቤት ማለት የዜጋ ሁሉ መብት መሆኑን ለሹማምንቱ ጻፈች።

በ1915 ደግሞ የማኅበሩ ሰዎች በጠበቃ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1862 እና በ1868 መካከል መንግሥት በጥጥ ላይ የሰበሰበው ቀረጥ ከ68 ሚሊዮን ዶላር በላይ በግምጃ ቤት እንዳለ፥ ጥጡም በባሮች ጉልበት የተመረተ ስለ ሆነ ገንዘቡ ለእነርሱ እንደሚገባ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ጉልበቱ የማን ነበር የሚለውን ሳይመረምር መንግሥት ሳይፈቅድ ሊከሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው። ከዚያም በኋላ ሃውስ ራሷ ተከሰሰች፤ በ1917 ነጮች ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ፈረደባትና በጄፈርሰን ከተማ ወህኒ ቤት እስከሚመጣው ዓመት ነሐሴ ታሰረች። ከወህኒ ወጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች፤ በ1928ም ሞተች። ማዕከሉ ፈረሰ፤ የየመንደሩ ማኅበሮች ግን አንዳንዶቹ ሕሙማንን መርዳታቸውንና ሙታንን መቅበራቸውን አላቋረጡም።

የራስ ጥረት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ ከሁለት ከተሞች ልንማር እንችላለን። በሪችመንድ ከተማ ባርያ የነበረች የልብስ አጣቢ ልጅ ማጊ ሊና ዎከር በ1903 የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቍጠባ ባንክ የተባለውን ከፈተች። ይህ ባንክ ከዕድር መዋጮ የተወለደ ነው፤ ሳንቲም በሳንቲም እየተጠራቀመ ብዙ ቤተ ሰብ ቤት እንዲገዛ ረዳ፤ በ1930 አካባቢም ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ብዙ ባንኮች የወደቁበትን የችግር ዘመን አለፈ። በኦክላሆማ አገር በተልሳ ከተማ ግሪንዉድ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ደግሞ ሱቁን፥ ሆቴሉን፥ ሐኪሙን፥ ጋዜጣውን በገዛ ራሱ ያቆመ ነበር። ነገር ግን በግንቦት 31 እና በሰኔ 1 ቀን 1921 የታጠቀ ሕዝብ መጥቶ 35 የሰፈር ክፍል አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ተገደለ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ቤቶች አመድ ሆኑ። የዋስትና ኩባንያዎች አንከፍልም አሉ። ነዋሪዎቹ በድንኳን እየኖሩ በገዛ ገንዘባቸው እንደ ገና ሠሩት። በ2001 መንግሥት ያቆመው መርማሪ ጉባኤ ካሣ እንዲከፈል መከረ፤ በ2024 ግን የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከእሳቱ የተረፉትን ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሁለት አሮጊቶች ክስ ሰረዘው። ሕግ የማይጠብቀው የራስ ጥረት ሌባ እንዳየው ጐተራ ነው።

የተበደሉት ሁሉ ሞተዋልና አሁን ለማን ይከፈላል፥ ማንስ ይከፍላል የሚል ክርክር አለ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ መልስ የሌለው ግን አይደለም። የአሜሪቃ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያለ ፍርድ ላሰራቸው የጃፓን ተወላጆች በ1988 በወጣ ሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ሰጥቷል። በሜሪላንድ የነበሩ የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1838 ሸጠዋቸው ከነበሩት 272 ሰዎች ዋጋ ከፊሉ የጆርጅታውንን ትምህርት ቤት ከዕዳ አድኖ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች በ2021 ለእነዚያ ሰዎች ተወላጆች 100 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገብተዋል። እንዲህ ሊሆን የቻለውም የሽያጩ መዝገብ በስማቸው ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። ሰው ይሞታል፤ ተቋም ግን አይሞትም፤ የወረሰውን ሀብት የሚቀበል ሁሉ የወረሰውን ዕዳም አብሮ ይቀበላል። ካሣውም በየቤቱ የሚታደል ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም፤ ትምህርት ቤት፥ መሬት፥ የንግድ መነሻ፥ የመዝገብ መከፈትና የእውነት መነገርም ካሣ ነው።

ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሰምተን እንዳናልፍ ያስፈልጋል። አገራችን በ1923 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ፥ በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጥቶ፥ በ1942 ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሽሯል። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ነገር ግን ያ ነፃ የወጣ ሰው ምን ይዞ ወጣ የሚለው ጥያቄ በእኛም ዘንድ የሚጠየቅ ነው። በአንዳንድ ስፍራ የዘሩ ነገር እየተነሣበት ከጋብቻና ከማኅበር የሚገለል ሰው እስከ ዛሬ አለና። የአፍሪቃ ኅብረት በአዲስ አበባ ተሰብስቦ 2025ን ለአፍሪቃውያንና ለአፍሪቃ ተወላጆች የካሣ ዓመት ብሎ ሲሰይም፥ ከባሕር ማዶ የምንጠይቀውን ፍርድ በቤታችንም እንድናስብ ተጠራን።

እንግዲህ ካሣና የራስ ጥረት እንደ ሁለት ጠላት መታየታቸው ስሕተት ነው። ፍሬዘር መሬት የጠየቀው ለማረስ ነው፤ ካሊ ሃውስ ጡረታ የጠየቀችው ዕድር እየሠራች ነው፤ የግሪንዉድ ሰዎች የተቃጠለውን ሰፈር እንደ ገና የሠሩት ፍርድ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ነው። ሰው ራሱን ይችላል ማለት የተቀማውን ይተዋል ማለት አይደለም፤ የተቀማውን ይጠይቃል ማለትም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ለድኻው ሥራን የሚመክር ሰው ምክሩ የታመነ እንዲሆን ለባለዕዳውም ክፈል ብሎ ይምከር።